ከማል ቤት ያደንነው ሰርጓጅ

ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስልኳን አውጥታ ጌም ጀመረች። ምን አገባኝ ብዬ በመስኮቱ የባጃጆቹን ግርግር አያለሁ። ድንገት ከስልኩ ውስጥ «ፒ…ንግ» የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሟሙቶ የሚጠፋ። «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» አልኳት። «ሰርጓጅ መርከብ ነው ጋሼ፤ ባሕር ውስጥ ተደብቆብኝ እየፈለግሁት ነው» አለችኝ። «እንዲህ እየጮህሽ ከፈለግሽውማ እሱ ነው ቀድሞ የሚያገኝሽ። ሞተርሽን አጥፊና ዝም ብለሽ ስሚ» አልኳት። ስቃ ዞር ስትል እንባዬ ሲወርድ አየች። ደነገጠችና ድምፁን ዘጋችው። ስልኩ ዝም ሲል እኔም ዝም የምል መስሏት፣ የዋህ።

የምሄደው ለሰይድ የሙት ዓመት ሰደቃ ነበር። ሰይድ ጓደኛዬ ነው፤ «ነበር» ለማለት አፌ ዛሬም እሺ አይለኝም። እሱ የአምባሰል ሰው፣ ከውጫሌ በላይ ካለው ዳገት፤ እኔ የሐይቅ። ሁለታችንም ጢም ሳናበቅል ምጽዋ ወርደን ባሕረኛ ሆንን። እኔስ ይሁን፣ ውሃ ዳር ነው ያደግሁት፣ ዋና እችላለሁ፤ ሰይድ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከጉልበቱ በላይ የሆነ ውሃ አይቶ አያውቅም። ነጭ የባሕረኛ ልብስ፣ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ አልብሰው ሶናር የሚባል መሣሪያ ላይ መደቡን። ሥራችን መስማት ነበር፤ ሌላ ምንም። መርከቡ ሆድ ውስጥ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ተቀምጠን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን ባሕሩን ስንሰማ እንውላለን። መሣሪያው ውሃው ውስጥ «ፒንግ» ብሎ ይጮሃል፤ ድምፁ ነጥሮ ከተመለሰ እዚያ ብረት አለ ማለት ነው። የተመለሰው ከላክነው ቀጠን ካለ ብረቱ ወደኛ እየመጣ ነው፣ ወፈር ካለ እየሸሸ። ይህንን የሚለየው ጆሮ ነው፣ የሰይድ ጆሮ ደግሞ ጉድ ነበር። ቀይ ባሕር ውስጥ ያለው ጥቃቅን ፍጥረት ሁሉ ምጣድ ላይ እንዳለ ተልባ ሲንጣጣ ይውላል፤ ሰይድ ከዚያ ሁሉ መንጣጣት መሃል የአንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሞተር ለይቶ «ይቺ ዘይት ጎድሏታል» ይል ነበር። ሰርጓጅ አገኛችሁ ወይ ለሚለኝ፣ አንድም ቀን። ሰርጓጅ ያደንነው ኋላ፣ ፀጉራችን ከሸበተ በኋላ፣ ሐይቅ ከተማ ከማል ቤት ነው።

እኛ ሰሚዎች የትም ያልተጻፈ ደንብ ነበረን፤ ሰሚ ሰሚን አያጋልጥም። አንዱ ቢያንቀላፋ፣ ቢሳሳት፣ ሌላው ይሸፍንለታል እንጂ ለአለቃ አይናገርም። አንድ ጊዜ ከመድፍ ልምምድ በኋላ የሰይድ ጆሮ ሳምንት ሙሉ ጮኸበት። በዚያው መሃል የጆሮ ምርመራ መጣ። አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረው ያስቀምጡንና ሐኪሙ ከኋላችን ቆሞ ትንሽ ቃጭል ይመታል፤ የሰማ እጁን ያነሳል። ያልሰማ ከሶናር ወርዶ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይልጣል። ቃጭሉ በተመታ ቁጥር የሰይድን እግር ረገጥሁለት፣ እሱም እጁን አነሳ። በመጨረሻ «ከሁሉም የተሻለ ጆሮ» ተብሎ ተመሰገነ። ሐኪሙ ሲወጣ እንደ እብድ ነው የሳቅነው። የዚያን ዕለት ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ ማኪያቶ በስሙኒ በነበረበት ጊዜ።

ከዚያ ያ ሁሉ መጣና ሄደ። መርከቡም ቀረ፣ ባሕሩም ቀረ። እኔ ሐይቁ ዳር ለዓሣ አጥማጆች መረብ መጠገን ያዝሁ። ሰይድ የአባቱን መሬት እያረሰ፣ ሰው ሲጣላ የሚፈለግ ሽማግሌ ሆነ፤ የተካሰሱ ሁሉ «ሰይድ ይስማን» ነበር የሚሉት። ሚስቱ በጊዜ ሞታበት የቀረችው አንዲት ሴት ልጁ ናት፣ ሐሊማ። እሷም እንደ እኩዮቿ አረብ አገር ሄደች።

ከማል ማለት ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። አስፋልቱ ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ፣ አረንጓዴ መጋረጃ ያለው ቤት ከፈተ። ኋላቸው ያበጠ ሁለት ኮምፒዩተሮችና አንድ የስልክ መስመር ነበረው፤ ቤቱ በአንድ ወገን ጌም ቤት፣ በሌላ ወገን ስልክ ቤት ነው። አረብ አገር ልጅ ያላት እናት ሁሉ ነጠላዋን አጣፍታ አግዳሚው ላይ ስልክ ትጠብቃለች፣ ጎረምሳው መሬት የሚጠርግ ጂንሱን ለብሶ ኳስ ጌም ይጫወታል። ጌም በሰዓት ሁለት ብር፣ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም። በር ላይ አንዲት ሴት የሐይቁን ዓሣ እየጠበሰች በጋዜጣ ጠቅልላ ትሸጣለች፤ ዛሬ ያንን ዓሣ ለመብላት ሎጅ መግባት አለብህ አሉ። ከፊት ለፊቱ ካሴት ቤት አምባሰል ሲለቀቅ ሰይድ «አገሬን ጠሩት» ብሎ አንገቱን ያወዛውዛል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ከውጫሌ ወርዶ ይመጣል፤ ሐሊማ የምትደውለው ያን ቀን ነው። እኔም መረቤን ጥዬ አብሬው እጠብቃለሁ። አሁን በዚያ ሳልፍ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ መስታወቱ ዐይን ይወጋል።

አንድ ዓርብ ስንገባ ከማል ኮምፒዩተሩን ሲራገም አገኘነው። ከዱባይ በመጣ ሲዲ ላይ ያለ ጌም ነው፤ የጦር መርከብ ይዘህ የዕቃ መርከቦች ታጅባለህ፣ ከሥር ሰርጓጅ ያደባል። ከማል በሙሉ ፍጥነት እየነዳ፣ ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ፒንግ፣ ፒንግ፣ ፒንግ ያደርገዋል። ሰይድ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። «ያ ረቢ! ይመር፣ ይኼ እኮ የኛው ነው!» አለ። ወላሂ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ሃያ ዓመት ያልሰማነው ድምፅ ሐይቅ ከተማ፣ መጋረጃ ጀርባ። ከዚያ ወደ ከማል ዞሮ «አንተ፣ ሌባ የምትፈልገው ፋኖስ ይዘህ፣ እየሮጥህ፣ እየጮህክ ነው?» አለው። ከማል «እስቲ ና አሳየኝ አያ ሰይድ» ብሎ ወንበር ሳበለት።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከማል ይነዳል፣ እኛ እንሰማለን፤ አንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍል ነገር ገዝቶ ሁለት ሄድፎን ሰካልን። አስተማርነው። ስትፈጥን የራስህ ሞተር ያደነቁርሃል፤ ስለዚህ ጥቂት ትሮጥና ቆመህ ታዳምጣለህ። ከመርከብህ በስተኋላ ሁልጊዜ ደንቆሮ ነህ፣ ተንኮለኛ ሰርጓጅ ከዚያ ነው የሚመጣ፤ ስለዚህ ቀጥ ብለህ አትሂድ። የላይኛው ሙቅ ውሃና የታችኛው ቀዝቃዛ በሚገናኙበት ሥር ከገባ ፒንግህ እላዩ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ያኔ መታገሥ ነው። ቦምብ ከጣልህ ደግሞ ባሕሩ ስለሚናወጥ ለጊዜው ምንም አትሰማም፣ እሱ በዚያ ጫጫታ ነው የሚያመልጥ። ከማል አፉን ከፍቶ ይሰማል። ቀስ በቀስ ጎረምሶቹ ኳሱን ትተው ከኋላችን መቆም ጀመሩ፤ ስልክ የሚጠብቁት እናቶችም «ተገኘ ወይ?» ይላሉ። ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ሳልዋሽ።

ሦስተኛው ወይ አራተኛው ዓርብ ላይ ይመስለኛል፣ መርከቧን አቁመን እያዳመጥን የሰርጓጁ ተሽከርካሪ መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ሽው ሽው ሲል ሰማሁ። ሰይድ ቀድሞ እንዲናገር ጠበቅሁት፤ እሱ ነው አለቃው። «ባሕሩ ባዶ ነው፣ ንዳ» አለ። ቀልድ መስሎኝ አየሁት። ቀልድ አልነበረም። ሰርጓጁ በውሃ ሥር የተኮሰው ቶርፔዶ በቀኝ መጥቶ ሆዳችንን ዘረጠጠው፣ ሰጠምን፣ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐይቁ ዳር ይዤው ወረድሁ። «ሰይድ፣ አልሰማህም አይደል?» አልሁት። «ወፍራሙን እሰማለሁ» አለኝ። «የአንተን ድምፅ እሰማለሁ፣ ነጎድጓድ እሰማለሁ፣ በሬ ሲያገሳ እሰማለሁ። ቀጭኑ ነው የሞተው። ወፍ ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ።» መድፉ ነው እንግዲህ፣ ከስንት ዘመን በኋላ የዞረ። «እና ሐሊማን በስልክ እንዴት ታናግራታለህ?» አልሁት። ሳቀ። «የምትለው እኮ ያው ነው፤ እንዴት ናችሁ፣ ላሟ ወለደች ወይ። አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ በርቺ እላለሁ። መደወሏን ካወቅሁ በቂዬ ነው።» እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ አብሬው ሳቅሁ። «ንገራት፣ ትታከማለህ» አልሁት። ተቆጣ። «ብነግራት ላቧን ሁሉ ለኔ ጆሮ ትልካለች፣ ወይ ጥላ ትመጣለች። ሽምግልናውስ? የማይሰማ ሽማግሌ ማን ይጠራል? ለማንም አትናገር። ያው እስጢፋኖስ ይታይሃል፣ በሱ ማልልኝ!» ገዳሙ ያለበት ልሳነ ምድር ከማዶ በዛፉ ተሸፍኖ ይታያል። ሙስሊም ነው ያስማለኝ፣ በእስጢፋኖስ፤ እኔም ማልሁ።

ከዚያ በኋላ ያው የድሮው ዘዴ ተመለሰ። ሰርጓጁ በቀኝ ሲሆን ከጠረጴዛው ሥር አንዴ እረግጠዋለሁ፣ በግራ ሲሆን ሁለቴ። ሰይድ ዐይኑን ጨፍኖ «በግራ ነው፣ ቀስ» ሲል ከማል «የአያ ሰይድ ጆሮ!» ብሎ ይምላል። የኮራ ፊቱን ማየት ለኔ ደስታ ነበር። ክፉ ሥራ እየሠራሁ እንደሆነ ልቤ ነግሮኝ አያውቅም፤ ጓደኛዬን የሸፈንሁ ነው የመሰለኝ።

አሁን የማልፈልገውን ልናገር። አንድ ዓርብ ወራት ያስቸገረን ሰርጓጅ ነበር፤ ሙቁ ውሃ ሥር እየገባ ስንቱን መርከብ አሰጥሞብናል። ያን ቀን ሞተር አጥፍተን ስንጠብቅ ልክ ብቅ ሊል ሲል ስልኩ ጮኸ። ከማል «አያ ሰይድ፣ ሐሊማ ናት» ብሎ አቀበለው። ስልኩ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ነው፤ ለአሮጊቶቹ ሲባል ድምፁ ከፍ ተደርጓል። እኔ አንዱን ጆሮዬን ከሄድፎኑ አውጥቼ ነበር። በአንዱ ጆሮዬ ሰርጓጁ ሽው ሽው ይላል፣ በሌላው ሐሊማ ታለቅሳለች። «አባዬ፣ ይመቱኛል። ክፍል ቆልፈውብኝ ነው የሚወጡ። ልምጣ ወይ? አንዴ ነይ በለኝ፣ በማግሥቱ እመጣለሁ።» ሰይድ በደስታ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። «አልሐምዱሊላህ! እኛ ደኅና ነን! አብሽሪ ልጄ፣ በርቺ!» አላት። እንደገና «አባዬ፣ ልምጣ ወይ?» አለች። «በርቺ፣ በርቺ!» አላት።

መነሳት ነበረብኝ። ስልኩን መንጠቅ ነበረብኝ። ከማል ግን «ጋሽ ይመር፣ በየት ነው? በየት ነው?» ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔም «በግራ! በግራ!» አልሁ። ቦምቡ ተጣለ፣ ዘይትና ስብርባሪ ብቅ አለ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሰይድም ስልኩን አስቀምጦ አብሮ አጨበጨበ።

መንገድ ላይ እነግረዋለሁ አልሁ። እሱ ግን ዓሣ ገዝቶ፣ ትልቁን ለኔ አድርጎ፣ «ልጄ ደኅና ናት ይመር፣ ድምፅዋ ደስ ይላል» ይለኛል። ደስ ይላል አለኝ እኮ! በምን አፌ ልናገር? ሰሚ ሰሚን አያጋልጥም የሚለው የጅል ደንብ አለ፤ መሐላውም አለ። ለከማል እንዳልነግረው የሰይድ ነገር ሊወጣ ነው። ባስ መጣ፣ ተሳፈረ፣ እኔም በሚቀጥለው ዓርብ ብዬ እጄን አውለበለብሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ሐሊማ አልደወለችም። ከዚያም በኋላ። ሰይድ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፤ ጌሙን ከዚያ ወዲያ አልነካነውም።

ከዓመት በላይ ቆይታ በሰው ትከሻ ተደግፋ መጣች። ከተቆለፈባት ክፍል በመስኮት ዘላ ነው፤ ዳሌዋ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም። አገር ሁሉ «እንኳን አላህ አተረፈሽ» ሲል፣ አባቷ ሲያቅፋት እንደ እንጨት ደርቃ ቆመች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት እየኖሩ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ቃል የለም። እሷ በልቧ «ነይ» ብሎ ያልተቀበለኝ አባት ትላለች፣ እሱ ምንም አያውቅም። ዓመት አለፈ፣ ዓመት ተጨመረ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር መጥቶ መረቤ አጠገብ ቁጭ አለ። «ይመር፣ ይቺን ልጅ ምን አድርጌያት ነው?» አለኝ፣ እያለቀሰ። ሁሉንም የማውቅ እኔ፣ መርፌዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ «አረብ አገር ነው እንዲህ ያደረጋት፤ ጊዜ ስጣት» አልሁት። ብነግረው የሚሞት መሰለኝ። ሳይነገረውም ሞተ፣ በዚያ መንገድ ሁሉ በተዘጋበት ክፉ ጊዜ። ቀብሩ ላይ እንኳ አልደረስሁም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ያቺ ወጣት ስልኳን ከዘጋችልኝ በኋላ፣ ውጫሌ እስክደርስ ሳስብ መጣሁ። ዛሬ ካልተናገርሁ መቼ? እኔም ሰባን አልፌያለሁ። ሰደቃው ተበላ፣ ዱዓ ተደረገ። ሐሊማ ሽበት ጣል ጣል አድርጓታል፤ እንግዳ በወጣ ቁጥር እያነከሰች እስከ መንገዱ ትሸኛለች። ሰው ሳሳ ሲል ጓዳው በር ላይ አስቀመጥኋት።

«ሐሊማ፣ የዚያን ዓርብ አባትሽ አልሰማሽም» አልኋት። «ጆሮው ያኔውኑ ሞቶ ነበር። በእርጅና አይደለም፣ ከዚያ በፊት። ማንም እንዳያውቅ ደብቆ ነው። በርቺ ያለሽ ምን እንዳልሽ ሳያውቅ ነው።»

እጇ ላይ ያለው ሰሃን አልወደቀም፣ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «እርስዎ በምን አወቁ?» አለችኝ።

«እኔ ሰምቼሻለሁ። ልምጣ ወይ ስትይ።»

«ሁለቴ ነው ያልኩት።»

«አዎ። ሁለቴ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ያኮረፍሁት ማንን ነው?» አለች፣ ለኔ አይደለም፣ ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጠይቆዎት ያውቃል? ለምን እንዳኮረፍሁት?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው። «ጠይቆኛል» አልሁ።

«ምን አሉት?»

«ጊዜ ስጣት አልሁት።»

አላለቀሰችም። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ፣ ሰሃኑን ብትወረውርብኝ እንዴት በወደድሁ! «መሽቷል ጋሽ ይመር፣ መኪና እንዳያመልጥዎት» አለችኝ። በትሬን አንስቼ ወጣሁ። ግቢው በር ላይ ደርሼ ዞር አልሁ፤ እዚያው ጓዳው በር ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራለች። ያን ቀን የመጣውን እንግዳ ሁሉ፣ የማታውቀውን እንኳ፣ በዚያ እግሯ እስከ መንገዱ ሸኝታለች። እኔን አልሸኘችኝም። ደግ አደረገች።